ለእትዬ የሚሆን ደላላ

የባለቤቴ ታላቅ እህት ሮተርዳም ያለውን ቤታቸውን የሸጡት ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ስላላቸው ነው። የሆላንድ ቤት ደረጃ ደረጃ አይባልም፤ መሰላል ነው። ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ እሳቸው ሲወርዱ እንደ ሕፃን ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው ነበር የሚወርዱት። ቤቱን የገዙት ሟቹ ባለቤታቸው ወደብ ላይ በሚሠሩበት፣ እሳቸውም የሆቴል ክፍል በሚያጸዱበት ዘመን ነው። ያኔ ያንን ሰፈር ማንም አይፈልገውም ነበር። ሲሸጡት ግን ዘመኑ ተለውጦ ኖሮ ያላሰቡትን ያህል አወጣላቸው። ሊፍት ያለው አፓርትማ ተከራዩና የቀረውን ገንዘብ ባንክ አስቀመጡት።

እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ በእርስዎ ነው የማናግራቸው። ባለቤቴ እቴቴ ይላቸዋል። እናታቸው የሞቱት እሱ ገና አፉን ሳይፈታ ስለነበር ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ በኋላም ስደት ወጥቶ እዚህ አገር ሲደርስ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ያስጠለሉት እሳቸው ናቸው። በዓለም ላይ እሳቸውን አንቺ የሚላቸው እሱ ብቻ ነበር። ልጃችንም በሆላንድኛ ታንተ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ እያለች አንቺ ትላቸዋለች፤ የእሷስ እዚህ አገር ከማደግ የመጣ ነው። ለእሷ ሰው ሁሉ አንተና አንቺ ነው። እትዬ መጀመሪያ ይከፋቸው ነበር፤ ኋላ ግን ለመዱት።

ጊዜው ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ወለድ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ የሄደበት ነበር። እትዬ፣ "ድሮ በወለዱ ለፋሲካ በግ እገዛ ነበር፤ ዘንድሮ እንቁላልም አይገዛ" ይሉ ነበር። የሚያማርሩት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ያሉት ሽማግሌዎች እንኳ ጋዜጣቸውን እያነበቡ ባንኮቹን ይራገሙ ነበር።

ባለቤቴ አምስተርዳም በሚገኝ ትልቅ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነበር። የምንኖረው ዴን ሃግ፣ ትራንስቫል ሰፈር ስለሆነ በየጠዋቱ በባቡር ነው የሚሄደው። አክሲዮን የለመደው እዚያ ባቡር ላይ ነው። አብሮት የሚሠራ አንድ ሆላንዳዊ ኤሌክትሪሺያን ስልኩ ላይ አሳየው። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ደላላ ነው። ቢሮ የለው፣ መስኮት የለው፣ ደውሎ የሚያገኙት ሰውም የለው፤ ነገር ግን ለአንድ ግዢ የሚወስደው ኮሚሽን ከአንድ ሳንድዊች ዋጋ ያነሰ ነው። ባለቤቴ ነገር ፈትቶ መግጠም የሚወድ ሰው ስለሆነ ሥራው ገባው። የአንድን ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ከፍቶ ሲያነብ ቦይለር የሚፈትሽ ነው የሚመስለው፤ የት ጋ እንደሚያፈስ ይፈልጋል። ላይደን ሲደርስ አንብቦ፣ ሃርለም ሲደርስ አስቦ፣ አምስተርዳም ሲደርስ ይገዛል ወይም ይተዋል።

ተነጋግረን የተስማማንበት ትንሽ ገንዘብ ነበር፤ ከዚያ አያልፍም። የቀናው ዕለት ከጣቢያው ጀምሮ እያፏጨ ይመጣል። የወረደበት ዕለት እራቱን ሳይነካ ይቀመጣል። ነገሩ ትንሽ ስለነበረ እስቅበት ነበር። ሰው ኳስ ተመልክቶም ይናደዳል፣ ይሄ ደግሞ የእሱ ኳስ ነው እል ነበር።

በዚያው ዓመት ሆቴሉ ባለቤት ለወጠ። አዲሶቹ ሰዎች የጥገናውን ክፍል ለውጭ ድርጅት ሰጡት፤ ድርጅቱም ባለቤቴን ለሳምንቱ ግማሽ ብቻ አስቀረው። ከሥራ አልወጣም፤ ደሞዙም ቢሆን የሚያስርብ አልነበረም። ግን ያንን ሆቴል ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚያውቅ ሰው፣ ዘመድ እንደሞተበት ሆነ። ሥራ በሌለበት ቀን ተላጭቶና ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል። ሰው ከደወለ "ሥራ ላይ ነኝ" ይላል። ይሄንን ስሰማ ቡናውን አቅርቤለት እወጣለሁ።

አንድ እሑድ እትዬ ከቅዳሴ በኋላ በሜትሮ ወደ እኛ መጡ። ምሳ ከበላን በኋላ እጃቸውን ታጥበው፣ ፎጣውን በጥንቃቄ አጥፈው አስቀመጡና ወደ ወንድማቸው ዞሩ። ገንዘቡ ባንክ ተኝቶ ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። እሱም ወለዱ እንደሚያውቁት መሆኑን ነገራቸው።

"እንግዲያው ሁሉንም አንተ ያዝልኝ" አሉት። "በዚያ በምትሠራበት ነገር አስገባልኝ። ያንተ ደላላ ማነው?"

ባለቤቴ ሰው እንዳልሆነና ኢንተርኔት እንደሆነ አስረዳቸው። እትዬ ሳቁ። አዲስ አበባ ያለው ደላላ ከአከራይም ከተከራይም ቀምቶ የሚጠፋ ነው፤ ያም ቢሆን የሚይዙት ኮሌታ አለው አሉ። ከዚያ ቀጠሉና፣ "ግድ የለም፣ አንተ ካለህበት ይበቃኛል። በስምህ አድርገው፤ እኔ ወረቀት አልችልም" አሉ።

ባለቤቴ "እሺ እቴቴ" አለ።

በቃ፣ ይኸው ነው የሆነው። እትዬ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ይሄንኑ አሰላስል ነበር። የአንዲት መበለት የዕድሜ ልክ ጉልበት፣ ዋጋ በወረደ ቁጥር እራት በሚጠላ ሰው እጅ ሊገባ ነው፤ ያውም በስሙ። ቢጎድል ምን ይሆናል? ቢሞላስ? የእሳቸው የት ጋ አልቆ የእኛ የት ጋ እንደሚጀምር ማን ያውቃል? ከዘመድ ጋር በገንዘብ ተቀያይመው በለቅሶ እንኳ የማይገናኙ ሰዎች አውቃለሁ። ከመካከላቸው አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

ይሁን እንጂ ምን ብዬ ልናገር? ለእሱ "አይሆንም" ብለው፣ ሥራው ቀንሶበት አንገቱን የደፋውን ሰው አንተ አትታመንም ማለት ነው። ለእሳቸው "ለእሱ አይስጡት" ብላቸው፣ የገዛ ባሌን ማማት ነው፤ ደግሞም እሱን ያሳደግኩት እኔ አይደለሁም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን በሳምንቱ ነቀዘ።

ባለቤቴም ተለወጠ። ማፏጨት ቀረ። ስልኩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በራሱ ትንሽ ገንዘብ እንኳ መግዛትና መሸጥ ማቆሙን ኋላ ነው ያወቅሁት። እኔ ግን የመሰለኝ ሌላ ነው። ትልቅ ገንዘብ ሊይዝ ስለሆነ ትልቅ ነገር እያሰበ ነው ብዬ ጠረጠርሁ። ተበድረው አክሲዮን ስለሚገዙ ሰዎች ሰምቼ ነበር፤ ያንን እያሰብኩ ጠረጴዛው ማዶ ፊቱን አያለሁ። ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ነገር እያሰብን፣ ስለ ዝናብ እናወራ ነበር።

በዕረፍት ቀኔ ትራም ተሳፍሬ ዞተርሜር ሄድኩ። ልጃችን እዚያ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በምሳ ሰዓቷ ከቢሮዋ አጠገብ ባለው ኩሬ ዳር ተቀምጠን ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እንድትቆጣ፣ አባቷን እንድታስቆምልኝ ነበር የፈለግሁት። እሷ ግን ዳቦዋን እየበላች በጸጥታ አዳመጠችኝና፣ እሷም ሥራ ከጀመረች ጀምሮ ገንዘብ እንደምታስገባ ነገረችኝ። ደሞዟ በገባ ቁጥር ትንሽ ተቆርጦ በመቶ የሚቆጠሩ ኩባንያዎችን አንድ ላይ ወደያዘ ፈንድ ይሄዳል። እሷ አታየውም፤ አንዳንዴ መኖሩንም ትረሳዋለች።

"ለምን አልነገርሽንም?" አልኳት።

"ምኑን እነግራችኋለሁ? ኒክስ፣ ምንም የሚወራ ነገር የለውም" አለችኝ። "እኮ ጥሩነቱ እሱ ነው፣ ማማ።"

ከዚያ ደላላ ሁሉ አንድ እንዳይደለ አስረዳችኝ። የአባቷ ዓይነቱ ርካሽ ነው፤ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ለሚሸጥ ሰው ይሆናል። አዘውትሮ ለሚገዛና ለሚሸጥ ኮሚሽኑ ማነሱ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማንም እጅህን አይዝህም። የእሷ ዓይነቱ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ ዓመታት ለሚጠብቅ ሰው ነው፤ መምረጥም መሸጥም የለበት። ባንኩ ራሱ የሚሰጠው ደግሞ ከሁሉም ውድ ነው፤ ነገር ግን የሚያንኳኩት በር አለው፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለው፣ ከመጀመሪያውም አስቀምጦ የሚያነጋግር አለው። ይሄን ሁሉ ስትናገር ስልኳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ብቅ አለ፤ አረንጓዴ ቀስት ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጀርባው የሚያብለጨልጭ መኪና ቆሟል። ጣቷን አሳርፋበት አሳየችኝ። ይሄኛው ባለህ ሳይሆን በሌለህ፣ በተበደርከው ገንዘብ በዋጋው ላይ የሚያስገምት ነው አለች፤ ከታች በትንንሽ ፊደል አብዛኛው ደንበኛ እንደሚከስር ተጽፏል።

"ታዲያ ይሄ ለምን ዓይነት ሰው ነው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ለማንም" አለች።

ፈራሁ። አባቷ ወደዚያ ይሄድ ይሆን ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። አባቷ ለቦይለር እንኳ ዋስትናውን ሳያነብ ቧንቧ የማይገዛ ሰው መሆኑን አስታወሰችኝ። ከዚያ ከሳቋ መለስ ብላ አየችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ታንተ ራሷ ምንድነው የምትፈልገው? ጠይቃችኋታል?"

ዳቦዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አልጠየቅናቸውም። እሱ እሺ አለ፣ እኔ ፈራሁ፤ እሳቸውን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ልጃችን በሚቀጥለው ቅዳሜ አብራን ሮተርዳም ለመሄድ ተስማማች። ገንዘቡ የሚዛወረው ያን ቀን ነበር። ለአባቷ የአክስቷን አዲሱን ቤት ለማየት እንደምትመጣ ነገረችው፤ ውሸትም አልነበረም፣ አላየችውም ነበር። በባቡሩ ላይ ባለቤቴ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይከፍተው፣ በመስኮቱ ሜዳውንና ላሞቹን ሲያይ ነበር።

የእትዬ አፓርትማ ማስ ወንዝን ያሳያል። ቤቱ ገና አልተስተካከለም፤ ካርቶኖች በግድግዳው ዳር ተደርድረዋል፣ የመታጠቢያ ቤቱ የግድግዳና የወለል ሸክላ በየቦታው ተላቅቋል። እትዬ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምግቡን አቅርበው፣ እንደ በዓል ነበር የተቀበሉን። ከበላን በኋላ ባለቤቴ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እትዬም የባንክ ካርዳቸውን አመጡ። እኔ በሆዴ እጸልይ ነበር።

ያኔ ልጃችን ቀስ ብላ ገባችበት። በየትኛውም ደላላ ዘንድ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚጠየቃቸው ጥያቄዎች እንዳሉ፣ አባቷም ሲከፍት እንደተጠየቀ፣ ገንዘቡ የታንተ ስለሆነ መልስ መስጠት ያለባት ታንተ እንደሆነች ተናገረች። አባቷ ወዲያውኑ "ልክ ነው" አለ። ትዝ ይለኛል፣ እንዴት ፈጥኖ እንዳለው ገርሞኝ ነበር።

ልጃችን ስልኳ ላይ ከአንድ ባንክ ገጽ ጥያቄዎቹን እያነበበች፣ በሆላንድኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች። ስለ አክሲዮን ምን ያህል ታውቂያለሽ? እትዬ ምንም እንደማያውቁ ተናገሩ። ገንዘቡን ለምን ያህል ጊዜ ሳትነኪው መቆየት ትችያለሽ? እትዬ አሰቡ። ከፊሉን ለጉልበታቸው፣ አንድ ቀን አገራቸውን ለማየት፣ ለቀብራቸውም እንደሚፈልጉት፣ ያንን ማንም እንዳይነካባቸው ተናገሩ። የቀረው ቢቀመጥም ግድ የላቸውም። ባለቤቴ ወደ እሳቸው ቀና አለ። ለእሱ የነገሩት "ሁሉንም" ብለው ነበር።

"አሁን የመጨረሻው ነው" አለች ልጃችን። "ዋጋው በድንገት በጣም ቢወድቅ ምን ታደርጊያለሽ? ትሸጫለሽ፣ ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ ወይስ ትጨምሪበታለሽ?"

እትዬ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የወንድማቸውን ፊት አዩ። ብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ እንደዚያ ሲያዩ ግን አላየኋቸውም ነበር።

"እኔስ እችለዋለሁ" አሉ። "ከዚህ የባሰ አይቻለሁ። ቢወድቅ ዓይኔን ማየት የሚያቅተው እሱ ነው። ወንድሜን በገንዘብ ላጣው አልፈልግም።"

ባለቤቴ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ "እንግዲያው ለምን ሰጠሽኝ እቴቴ?" አላቸው።

"ሥራው ሲቀንስብህ አንገትህን ስትደፋ አየሁህ። የሚያምንህ ሰው እንዳለ እንድታውቅ ብዬ ነው። እንጂ እኔ አክሲዮን ምኔ ነው?"

ወንዙ ላይ ጀልባ እየሄደ ነበር። ባለቤቴ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ተነሣሁ። እጁን ሲያነሳ ግን እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ እርጥብ ቢሆንም እየሳቀ ነበር። ከዚያች እሑድ ጀምሮ እህል እንዳልጣመው፣ ባቡር ላይ ስልኩን ከፍቶ ወዲያው እንደሚዘጋው፣ የእሳቸውን ገንዘብ ይዞ አንድ ቀን ሲወድቅበት በሐሳቡ ብዙ ጊዜ እንዳየ ነገራቸው። በሐሳቡ ደላላ ሲቀይር፣ ደግሞ ሲመልስ፣ ለእሳቸው የሚሆን አጥቶ ሰንብቷል።

ልጃችን በመገረም፣ "ታዲያ ለምን እሺ አልካት?" አለችው።

"እሷን እምቢ ማለት የት ተምሬ!" አለ።

እትዬ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ያን ጊዜ ነው የራሴን ፍርሃት ያወጣሁት። ዞተርሜር ሄጄ እንደተማከርኩ፣ አፌን እንዴት ይዤ እንደሰነበትኩ ተናገርኩ። ባለቤቴ ቅር የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጄን ያዘና፣ "ቀደም ብለሽ ብትናገሪ ምን ነበረበት፤ ሁለታችንም እንተኛ ነበር" አለኝ። ሰው ሲገላገል ይርበዋል መሰለኝ፣ ያኔውኑ ሁላችንም እንደገና ቀርበን በላን።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ፍርሃቱ ከመሃላችን ሲወጣ ደላላ መምረጥ እንደ ጫማ መምረጥ ሆነ፤ እግሩን ያየ ሰው አይሳሳትም። ባለቤቴ ራሱ ነው የመከራቸው። የእሱ ርካሽ ደላላ ለእሳቸው እንደማይሆን፣ ኮሚሽኑ ማነሱ የሚጠቅመው አዘውትሮ ለሚገዛ እንደሆነ፣ እሳቸው ግን አንዴ አስገብተው የሚረሱት ነገር እንደሚያሻቸው አስረዳቸው። የልጃችን ዓይነቱን አሰብንበት፤ እሱም ጥሩ ነበር፣ ግን ሁሉም ነገር በስልክ መስኮት ነው፣ እትዬ ደግሞ ስልካቸውን የሚያውቁት ለመደወል ብቻ ነው። ቁጠባቸው ወዳለበት ባንክ እንሂድ ተባለ። ባለቤቴ ዋጋውን አይቶ ፊቱን ቋጠረ።

"በየዓመቱ ይሄን ያህል ሊወስዱብሽ ነው?"

"ስደውል ሰው እንዲያነሳልኝ ነው የምከፍለው" አሉት። ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

በሳምንቱ እኔ ነኝ ባንኩ ድረስ አብሬያቸው የሄድኩት። ያነጋገረን ወጣት ትሑት ልጅ ነበር፤ በእርጋታ ይናገራል፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ለጉልበታቸውና ለቀብራቸው ያሉት ቁጠባ ላይ እንዲቀር፣ የቀረው አደጋው ዝቅ ባለ ፈንድ ውስጥ፣ በእሳቸው ስም እንዲገባ ተስማሙ። ከመፈረማቸው በፊት ግን እትዬ አንድ ጥያቄ እንዳላቸው ነገሩኝ። ባንኩ ራሱ ቢከስር የእሳቸው አክሲዮን ምን ይሆናል? ተረጎምኩለት። ወጣቱ የደንበኞች አክሲዮን ከባንኩ ገንዘብ ጋር እንደማይቀላቀል፣ ለብቻው በሌላ ድርጅት ስም ተለይቶ እንደሚቀመጥ ተናገረ። እኔ ይሄን እንዴት አድርጌ በአማርኛ እንደምለው ስቸገር እትዬ ቀድመው ተረዱት።

"ሆቴል ቢዘጋ የእንግዳው ሻንጣ የእንግዳው ነው ማለቱ ነው" አሉኝ።

"አዎ እትዬ፣ እንደዚያ ነው ያለው።"

"ዋጋው ግን ሊወርድ ይችላል?"

"ዋጋው ሊወርድ ይችላል፤ ለእሱ ዋስትና የለም ይላል።"

"ደግ፤ አለመደበቁ ጥሩ ነው" አሉና ፈረሙ።

ስንወጣ ፀሐይ ነበር። እትዬ ክንዴን ይዘው ቀስ እያልን ስንሄድ፣ በዚያ ቅዳሜ ስለተናገርኩት ነገር አመሰገኑኝ። ትራሙ እስኪመጣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስለ ጉልበታቸው አወራን።

ባለቤቴን ግን አልተዉትም። የዚያኑ ዕለት ማታ ደውለው፣ "ገንዘቤን መያዙን ተወው፤ መታጠቢያ ቤቴን ያዝልኝ" አሉት። እሱም በማግስቱ መሣሪያውን ይዞ ሄደ። ሸክላውን በሙሉ አንስቶ እንደ አዲስ ለጠፈው፤ ለጉልበታቸው የሚይዙት ብረት ግድግዳው ላይ ሠራላቸው፤ የሻወሩን ደፍ አውጥቶ ወለሉን ደልዳላ አደረገው። የፎቁ ነዋሪዎች አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። አንዲት የሱሪናም ተወላጅ ጎረቤታቸው አየችና ለእኔም አለች። ከእሷ ሌላዋ ሰማች። ሳይታሰብ ባለቤቴ በሆቴሉ ሥራ በሌለበት ቀን ሁሉ ሮተርዳም ሥራ ያዘ፤ በኋላም ሆቴሉን ትቶ በራሱ ስም ተመዘገበ፣ ያረጀች ቫንም ገዛ። አሁን ሰው ሲደውልለት "ሥራ ላይ ነኝ" ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ከጀርባው የሸክላ መቁረጫው ድምፅ ይሰማል።

ያንን ትንሽ ገንዘቡን ከርካሹ ደላላው አላወጣም። እኔም አውጣ አላልኩትም፤ እሱን ይመጥነዋል። ራሱ ማንበብና መምረጥ ደስ ይለዋል፤ ሲሳሳትም የራሱ ነው። እኔ በበኩሌ የልጃችንን መንገድ ያዝኩ። በየወሩ ጥቂት ይቆረጣል፤ መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ እከፍተው ነበር፣ ኋላ ተውኩት። አንድ ቤተሰብ ሆነን፣ ደላላችን ሦስት ዓይነት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ የአክሲዮን ዋጋ በየአገሩ ወደቀ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። በመጦሪያው ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ቀይ ቁጥሮች እያሳየ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ካርታ መጫወታቸውን አቁመው ያያሉ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ መጀመሪያ ለባለቤቴ ደወልኩ። የሰው ኩሽና ውስጥ ሸክላ እየለጠፈ ነበር፤ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ እንዳየው፣ እንደሚጠብቅ፣ አሁን ግን እጁ ሲሚንቶ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ለእትዬ ደወልኩ። ስልኩን ሲያነሱ ብዙ ሰው ይጮኻል።

"እትዬ፣ እንዳይደነግጡ። ገበያው ወድቋል ይላሉ።"

"የቱ ገበያ?" አሉኝ። "እኔ እዚህ ብላክ አደባባይ ያለው ገበያ ነኝ፤ ሰው ሞልቷል። ዓሣውም ረክሷል፣ ላምጣላችሁ?"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የምለው ስለ አክሲዮኑ እንደሆነ ነገርኳቸው። ባንኩ ያለው ልጅ ሊወርድ እንደሚችል አስቀድሞ እንደነገራቸው አስታወሱኝና፣ ለጉልበታቸው ያስቀመጡት ተነክቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተነካም አልኳቸው። እንግዲያው ቅዳሜ ምሳ እንድንመጣ አዘዙኝና ከዓሣ ሻጩ ጋር መከራከራቸውን ቀጠሉ።

ስልኩን ዘጋሁ። ሳሎን ስመለስ ሽማግሌዎቹ ካርታቸውን እንደገና አንስተው ነበር፤ አንዷ ሻይዋ እንደቀዘቀዘ ነገረችኝ። ቀየርኩላት።